ከካምቢዮ በኩል አንድ

ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን አንቱ አልለውም። ሦስት ወር ሊሞላ ትንሽ እስኪቀር አብሬው ስሠራ አንድ ቀን በስሜ አልጠራኝም፤ እኔም ስሙን አላነሳም። የጋራዡ ዋና መካኒክ ነበር፤ ይህን ማወቅ ይበቃል።

ጋራዡ ከአምቦ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የቆርቆሮ ክዳን፣ መኪና ከሥር የሚታይበት ሁለት ጉድጓድ፣ በሩ ላይ ጎማ አልባ ሆኖ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ አሮጌ የጭነት መኪና። በሜካኒካል ምህንድስና ከተመረቅኩ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ሁለቱን ዓመት የማስታወቂያ ሰሌዳ ሳነብና ፋይል ይዤ ከቢሮ ቢሮ ስዞር አሳለፍኳቸው። በመጨረሻ መዞሩንም ትቼ ቤት ተቀመጥኩ። የጋራዡ ባለቤት እናቴ በምታመልክበት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። አንድ እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ እናቴ እጄን ይዛ ወሰደችኝና ለመነቻቸው። እኔ ከኋላዋ ቆሜ መሬት መሬቱን አይ ነበር።

«ሦስት ወር አያታለሁ» አሉ። «ከዚያ መካኒኩ ትሠራለች ካለኝ ትቀጥላለች። አትሠራም ካለኝ ግን ከእሱ ጋር አልጨቃጨቅም። ጋራዡን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው፤ እኔ ባለቤት ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም።»

ስለዚህ መቆየቴም መሄዴም በእሱ አፍ ነበር። እሱም ይህን ያውቃል።

የመጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች አየኝና ወደ ሰዎቹ ዞረ። ብየዳ የሚሠራው፣ ኤሌክትሪክ የሚሠራው፣ መኪናቸው እስኪያልቅ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ጫት የሚቅሙ ሁለት ሦስት ሹፌሮች ነበሩ። «ዛሬ እንግዳ አለን። አዴ ዲግሪ መጥተዋል» አለ። አዴ በኦሮምኛ የተከበረች ሴት የምትጠራበት ነው። እሱ ሲለው ግን እንደ ስድብ ነበር። በዚያው ቀረ። አዴ ዲግሪ፣ አሥራ ሰባት ቁልፍ አምጪ። አዴ ዲግሪ፣ ይህንን በናፍጣ እጠቢ። አዴ ዲግሪ፣ ይህም በፈተና መጥቶ ነበር?

እኔ በተፈጥሮዬ ድምፄ አይወጣም። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅኩ እጄን ሳላወጣ አምስት ዓመት የተማርኩ ሰው ነኝ። ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ሁሉም በጩኸት ነው የሚነጋገረው፤ መዶሻው፣ ብየዳው፣ ሞተሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ብረት አጠብኩ። ሲሳደብ ዝም እላለሁ፤ ማታ ቤት ገብቼ ግን የምመልስለትን ቃል በቃል አዘጋጅ ነበር። አንዱንም አልተናገርኩትም።

በሦስተኛው ሳምንት አንዴ ተናገርኩ። አንድ ሞተር ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነበር። «የአንደኛውን ፒስተን አውጣ» አለው ረዳት መካኒኩን፤ ረዳቱም በካምቢዮ በኩል ያለውን፣ ማለትም ከሞተሩ የኋለኛውን ጫፍ መፍታት ጀመረ። በተማርኩበት መጽሐፍ ሁሉ ቁጥር የሚጀምረው ከፊት፣ ከራዲያተር በኩል ነው።

«አንደኛው በራዲያተር በኩል ያለው አይደለም እንዴ?» አልኩ።

እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። «ምን አለች? አልሰማሁም።»

ደገምኩት።

«አሁንም አልሰማሁም! እናንተ ሰማችሁ?»

ሦስተኛ ስደግመው ድምፄ ተሰነጠቀ። ሁሉም ሥራውን አቁሞ እያየኝ ነበር።

«ስሚኝ፣ ኢንታላ» አለኝ። ኢንታላ ልጅት ማለት ነው። «አንድ ማለት ጉልበቱ የሚወጣበት ነው። ጉልበቱ የሚወጣው በየት ነው? በካምቢዮ በኩል። ያሠለጠነኝ ሰውዬ እንዲህ ነው የቆጠረው፤ እኔም እንዲሁ፤ እነዚህም እንዲሁ። ራዲያተር ምን ያወጣል? እንፋሎት! ራዲያተር እንዳንቺ ነው፤ ይሞቃል እንጂ አይጎትትም።»

ሣጥን ላይ የተቀመጡት ሹፌሮች ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። እኔ ወደ ናፍጣ ገንዳዬ ተመለስኩ። ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሚቆጥር ሥራቸው አይበላሽም ነበር። ያን ቀን ግን በሆዴ ማልኩ፤ በዚህ ሰው አቆጣጠር በሕይወቴ አልቆጥርም አልኩ።

ሦስተኛው ወር ሲጋመስ ከአምቦ ጊንጪ የሚመላለስ ሚኒባስ መጣ። ሹፌሩ ባለቤቱም ነው፤ አጭር፣ ችኩል፣ ሲናገር ሰው የሚቆጣ የሚመስል። ሚኒባሱ ዘይት ይጠጣል፤ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ይለቃል። ሞተሩ ወርዶ ሲከፈት በካምቢዮ በኩል ያለው ፒስተን ጫፉ ተሸራርፏል። ሦስቱ በጥላሸት ተሸፍነዋል እንጂ ደህና ናቸው። በፒስተን ዙሪያ በጎድጓዱ የሚገቡትን ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ጋራዥ ውስጥ ፋሻ ይሏቸዋል፤ እነሱ ሁሉም አልቀዋል።

«አዲስ አበባ ልከን ሲሊንደሩን ማስሞረድ ነበር» አለ መካኒኩ።

«አይሆንም!» አለ ሹፌሩ። «መንገዱ ክፍት ሆኖ ሥራ የተገኘው አሁን ነው። ሁለት ሳምንት ከቆምኩ መናኸሪያ ተራዬን ሌላ ሰው ይወስደዋል። አንዱን ፒስተን ቀይርልኝ፣ ፋሻውን ቀይርልኝ፣ በቃ።»

የጋራዡ ባለቤት ወንበራቸው ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። «እንግዲያው ፋሻውን እሷ ትለካው» አሉ። «የተማረችው እሱን አይደል? ሦስት ወሯ ሊሞላ ነው፤ በዚህ እናያታለን።»

መካኒኩ ትከሻውን ሰበቀ። «ትለካዋ።»

ሁለት ቀን ሰጡኝ። ከዚያ ጋራዥ ደስ ብሎኝ የማስታውሰው እነዚያን ሁለት ቀናት ብቻ ነው። የፒስተኖቹን ጎድጓድ በተሰበረ አሮጌ ፋሻ ፈቀፈቅኩ፤ ለዚያ ከእሱ የተሻለ መሣሪያ የለም፤ ልኩ ነውና። ከዚያ አዲሱን ፋሻ በባዶው ሲሊንደር ውስጥ አስገባለሁ፤ እንዳይንጋደድ በተገለበጠ ፒስተን ወደ ታች እገፋዋለሁ፤ ሁለቱ ጫፎቹ መካከል የሚቀረውን ክፍተት በቀጭን የብረት ምላስ እለካለሁ። ክፍተቱ ከጠበበ ሞተሩ ሲሞቅ ጫፎቹ ይገጣጠሙና ፋሻው የሚሄድበት ያጣል፤ ሲሊንደሩን ይቧጭራል፤ ይነክሳል። ስለዚህ ጫፉን በስስ ሞረድ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ሞረድኩ፤ እንደገና አስገባሁ፤ እንደገና ለካሁ። አራቱ ሲሊንደሮች እኩል አልተበሉም። በካምቢዮ በኩል ያለው በጣም ስለሰፋ ፋሻዎቹ ብዙም ሞረድ አልፈለጉም። በራዲያተር በኩል ያለው አዲስ ያህል ነበር፤ የእሱን ፋሻዎች ብዙ ሞረድኳቸው። የአንዱ ፋሻ ለሌላው አይሆንም ማለት ነው። እያንዳንዱን በወረቀት ጠቀለልኩና በላዩ ቁጥር ጻፍኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

ከራዲያተር በኩል ጀምሬ።

ረስቼ አይደለም። ጋራዡ በሙሉ ከካምቢዮ በኩል እንደሚቆጥር አውቅ ነበር። ቁጥሩን ስጽፍ «ሲገጥሙት እነግራቸዋለሁ» ብያለሁ ለራሴ፤ ግን ትክክለኛው የእኔ ነው፣ ይማሩ የሚል እልህም ነበረብኝ። ከቁጥሩ አጠገብ «ራዲያተር» ብዬ ብጽፍ አንዲት ቃል ነበረች። አልጻፍኳትም።

በማግስቱ ጠዋት ለመግጠም ተሰበሰቡ። ሹፌሩ ሁለት ጓደኞቹን አስከትሎ መጥቷል። መካኒኩ ጥቅሎቹን በጣቱ ጫፍ እያነሳ ለሰዉ አሳያቸው።

«ይህ ጋራዥ ነው ፋርማሲ? አዴ ዲግሪ፣ አንዱን በቀን ስንት ጊዜ ነው የምንውጠው?»

«ከምግብ በኋላ ነው ከምግብ በፊት?» አለ አንደኛው የሹፌሩ ጓደኛ።

«በውሃ ነው በዘይት?»

እኔ ገንዳው አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ብሎን አጥብ ነበር። «ኦቦ በሚቀጥለው ሳምንት ጠርተው ይጠይቁኛል» አለ መካኒኩ፣ የጋራዡን ባለቤት ማለቱ ነው፣ ጎንበስ ብሎ እየሠራ፣ እኔን ሳያይ። «ምን እንደምላቸው ታውቃለች። እጇ ለስላሳ ነው፣ ባል ፈልጉላት እላቸዋለሁ።»

ከዚያ «አንድ» የሚለውን ጥቅል ፈታ። ፋሻዎቹን አወጣ። ገና አዲስ በሆነው ፒስተን ላይ፣ በካምቢዮ በኩል በሚገባው ላይ፣ አንድ በአንድ አስገባቸው።

ተነሳሁ። ከእጄ ናፍጣ ይንጠባጠባል። እየተገለበጠ ነው፤ የአንደኛው ወደ አራተኛ፣ የአራተኛው ወደ አንደኛ። በካምቢዮ በኩል ለሰፊው የተለካው ጠባቡ ውስጥ ሊገባ ነው። ቀና ብሎ አየኝ።

«ምን ትገተሪያለሽ?»

«ምንም» አልኩ። ቁጢጥ አልኩ።

ለብዙ ጊዜ ይህንን ለራሴ ስነግር «አፈርኩ» ነበር የምለው። ማፈር ነበረበት፤ ያ የጆሮው ላይ እጅ፣ ያ «አልሰማሁም» ነበረበት። ነገር ግን አፌ የተዘጋው በዚያ አልነበረም። ሲሞቅ እንደሚነክስ አውቃለሁ። ሲነክስ በእሱ እጅ የተገጠመ እንደሚሆን አውቃለሁ። ይነክሰው አልኩ። ብሎኖቹን እያጠብኩ፣ የሲሊንደሮቹ ክዳን፣ ቴስታው፣ ከላይ ሲገጠምና ሲጠብቅ በጆሮዬ እየተከታተልኩ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ሞተሩ ከሰዓት በኋላ ተነሳ። ጭስ የለም። ሹፌሩ የመካኒኩን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «ለጥቂት ቀን ቀስ እያልክ ንዳው» ተባለና ሄደ። በማግስቱም ሠራ። ምናልባት ምንም አይሆን ይሆናል ብዬ ተስፋ ማድረግ ጀመርኩ፤ የማፍረው ግን በዚህ ነው፤ ተስፋዬ ውስጥ ቅር የሚል ነገር ነበረበት።

በሦስተኛው ቀን በገመድ ተጎትቶ መጣ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ጊንጪ ሊደርስ ሲል፣ ዳገቱ ላይ፣ ሞተሩ እንደ ሰው አቃስቶ ቆመ አለ ሹፌሩ። ተሳፋሪዎቹን ጭቃ ላይ አውርዷል። ልብሱ ሰውነቱ ላይ ተጣብቋል።

ባለቤቱ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ። ቴስታው ተነሳ። የፊተኛው ሲሊንደር፣ በራዲያተር በኩል ያለው፣ ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል። ፒስተኑ ጎኑ ተፍቋል። ከላዩ የወጣው ፋሻ ሁለቱ ጫፎቹ ተገጣጥመው ስለተፋተጉ እንደ መስታወት ያበራሉ።

መካኒኩ ከመሳቢያ የእኔን ወረቀቶች አወጣና ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። «ማን ለካው? እሷ። ማን ሞረደው? እሷ። ማን ጻፈው? ይኸው ጽሕፈቷ። ኦቦ፣ እኔ ምን አልኩዎት?»

ያን ጊዜ ተናገርኩ። ድገሚው የማያስብል ድምፅ ነበር። «የለካሁት ልክ ነው። ቁጥሩ የሚጀምረው ከራዲያተር በኩል ነው። የገጠሙት ገልብጠው ነው።»

ባለቤቱ ፋሻውን አንስተው አዩት፤ ወረቀቱን አዩት፤ ከዚያ እሱን አዩት። ፊቱ ጠቆረ። ለጥቂት ጊዜ ያሸነፍኩ መሰለኝ።

«እኛ ዘንድ ከካምቢዮ እንደሚቆጠር አታውቂም ነበር?» አሉኝ።

እኔ ሳልመልስ እሱ መለሰ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር፤ እንደዚያ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። «ታውቃለች። እንዲያውም ስገጥመው ቆማ እያየችኝ ነበር። ምን ትገተሪያለሽ ብያታለሁ። ምንም አለችኝ።»

«አይተሻል?» አሉ ባለቤቱ።

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ፈራሁ ብል ያምኑኝ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ድምፄን የሰማ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ እናቴም፣ ባለቤቱም፣ የሚስቁት ሹፌሮች ጭምር ያምኑኝ ነበር። ያ መልስ ተዘጋጅቶ ጥርሴ ላይ ነበር። የተበላሸውን ሲሊንደር አይቼ ግን ልለው አልቻልኩም።

«እንዲበላሽበት ፈልጌ ነው» አልኩ።

«በማን?» አለ ሹፌሩ። እስከዚያ ድረስ እዚያ እንዳለ ረስቼዋለሁ። «በማን እንዲበላሽበት? መኪናው የእሱ ነው?» ወደ እኔ መጣ፤ ረዳቱ ክንዱን ያዘው። «ዐሥራ አምስት ሰው ጭኜ ዳገት ላይ! እናንተ እዚህ ተቀምጣችሁ ትጣላላችሁ፤ የምትጣሉት በእኔ ሞተር ነው?»

 ባለቤቱ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ።

«እሱ ተሳሳተ» አሉኝ። «ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ስንት ሞተር አጥፍቻለሁ። አንቺ ግን አልተሳሳትሽም፣ ልጄ። ትሠራለች አትሠራም ብዬ እሱን መጠየቅ አያስፈልገኝም። ሥራ ትችያለሽ። አንቺ ያየሽውን መኪና ግን ለሰው አስረክቤ እንቅልፍ አይወስደኝም። ይህንን ሞተር ከእሱ ጋር ሆነሽ አስተካክዪና ትሄጃለሽ።»

ወደ እሱም ዞሩ። «አንተም ወረቀት ላይ ስለተጻፈው ነገር ሰው መጠየቅ አያዋርድህም።»

መካኒኩ ጉድጓዱ ውስጥ ተፋ።

የተቧጨረው ሲሊንደር ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄዶ አዲስ የውስጥ ሽፋን ገባለት። ለእሱም አዲስ ፒስተን ተገዛ። ሦስት ቀን አብረን ሠራን። ከሥራው ውጪ ያለ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ፋሻውን እንደገና ለካሁ፤ ስለካ ከኋላዬ ቆሞ ያያል።

«ቁጥሩን ጥሪው» ይለኛል።

እጠራለሁ።

«ጮክ በይ! ከካምቢዮ በኩል አንድ፣ በይ!»

«ከካምቢዮ በኩል አንድ!» እላለሁ፤ መንገድ ላይ የሚያልፍ ባለጋሪ ሁሉ ዞሮ ያየኛል። እያንዳንዱን ፋሻ ከእጄ ተቀብሎ ራሱም ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቶ ይለካዋል። የእኔ ልክ ሆኖ ሲያገኘው ይባስ ይከፋዋል። እኔም እንዲከፋው አጥብቄ ልክ አደርገው ነበር። ምናልባት በዚያ ጋራዥ እንደዚያ ጥሩ ሆኖ የተገጠመ ሞተር የለም።

ሲያልቅ ሹፌሩ መጣ። ሞተሩ የታደሰ መኪና ሲወጣ መካኒኩ አብሮ ተሳፍሮ ድምፁን እየሰማ መሄድ ልማድ ነው። ሹፌሩ ግን ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ።

«እሷም ትሳፈር።»

«ከዛሬ ጀምሮ የእኛ ሠራተኛ አይደለችም» አለ መካኒኩ።

«ለዚህ ነዋ። ያየችው ነገር ካለ አብራኝ ትሁን። ዳገቱን አብረን እንወጣዋለን።»

መሐል ላይ ተቀመጥኩ። የሚኒባስ ሞተር ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ መሐለኛው ከሁሉም ይሞቃል። ሁለቱ ወንዶች ከእኔ ጋር እንዳይነካኩ ወደየበራቸው ተጠግተዋል። ከአምቦ ወጣን። ሹፌሩ ሬዲዮ አልከፈተም። በሁለቱም በኩል ጤፍ ማሳው አረንጓዴ ነበር፤ እኔ የማዳምጠው ግን ከመቀመጫዬ ሥር ያለውን ብቻ ነው። ፋብሪካው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ድልድዩ፤ ሁሉም ቀስ እያለ አለፈ።

ዳገቱ ጋ ስንደርስ ሹፌሩ ማርሽ ቀነሰ። «እዚህ ጋ ነው» አለ። «አንዲት እርጉዝ ሴት ነበረች። ሌላ መኪና አልቆመላትም። በእግሯ ነው የሄደችው።»

መካኒኩ በመስኮት ያይ ነበር። እኔ ጉልበቴን አየሁ።

አጋማሹ ላይ ከሥራችን ተክ ተክ የሚል ድምፅ ተሰማ። የሹፌሩ እጅ መሪው ላይ ደረቀ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ቫልቭ ነው» አልኩ። «ትንሽ ሲሞቅ ይጠፋል።»

«ማን ጠየቀሽ?» አለኝ መካኒኩ።

«እኔ ነኝ የጠየቅኩት» አለ ሹፌሩ። «ትክክል ናት?»

 «ቫልቭ ነው» አለ መካኒኩ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ።

ዳገቱን ወጣን። ድምፁም ጠፋ። ጊንጪ መናኸሪያ ስንገባ ሹፌሩ ወርዶ ከኋላ ሄዶ ጭሱን አየ። እጁን ማስወጫው ላይ አድርጎ አሸተተው። ወዲያው «አምቦ! አምቦ! አንድ ሰው አምቦ!» እያለ መጣራት ጀመረ። ዘንቢል የያዙ ሴቶች፣ አንድ አስተማሪ የሚመስል ሰው፣ ዶሮ የታቀፈ ገበሬ ገቡ። መካኒኩ ከፊት ወንበር አልተነሳም። እኔ ሻይ ቤቱ ጋ ሄጄ እጄን ታጥቤ መጣሁ፤ ልሳፈር ስል ሹፌሩ በሩ ላይ ክንዱን ዘረጋ።

«ሞልቷል።»

ወደ ውስጥ አየሁ። «ሦስት ወንበር ባዶ ነው» አልኩ። ውስጥ ያሉት ሁሉ እንደሰሙኝ አውቃለሁ፤ ዶሮ የያዘው ሰውዬ ባዶውን ወንበር በእጁ መታ መታ አድርጎ አሳየኝ።

«አይቻለሁ» አለ ሹፌሩ፣ በሩንም ጎትቶ ዘጋው።

ሚኒባሱ ዞሮ ወደ አምቦ ወጣ። ከኋላው ጭስ አልነበረም። ከአዲስ አበባ የሚመጣውን አውቶቡስ መንገድ ዳር ቆሜ ጠበቅኩ፤ ሲመጣም የቆመ ሰው ሞልቶት ነበር፤ ገባሁና እኔም ቆሜ ሄድኩ።